ፍሬኑን ይዣለሁ

መጥሪያው የመጣ ቀን የመንጃ ማሠልጠኛው ቢሮ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ሳቀ። ቢሳቅስ ምን ይገርማል? ከተማውን ቢያስሱ በፍጥነት ነድቶ ይከሰሳል ተብሎ የማይጠረጠር ሰው መጥሪያው የደረሰው አሠልጣኝ ብቻ ነበር። ሠልጣኞቹ ፊት ለፊቱ «ጋሼ ፍሬን» ይሉታል። የሥራ ባልደረቦቹ ደግሞ ዞር ሲል «ቀብር ሸኚው» ይሉታል፤ መኪናው ሁልጊዜ ሬሳ እንደሚከተል ሰው ስለምታዘግም።

የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ አስፈርሞት ከመውጣቱ የጭነት መኪና አሠልጣኙ ወረቀቱን ከእጁ መንጭቆ ጮክ ብሎ አነበበ። «ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ በማሽከርከር! ጎበዝ፣ ንስሐ ግቡ፤ ስምንተኛው ሺህ ደርሷል፤ ኤሊ በፍጥነት ተከሳለች!» ቢሮው በሳቅ ተናጋ። ሻይ የምታመጣው ሴት እንኳ ትሪዋን አስቀምጣ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም አብሯቸው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነበር።

ለሌላ ሹፌር እንዲህ ያለ ወረቀት ምንም አይደለም። አንድ ጧት ሥራ ይፈታል፣ ይሰለፋል፣ ይቀጣል፣ ትራፊኩን እየረገመ ይመለሳል። አሠልጣኝ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ መሪ የያዘው ሠልጣኙ ቢሆንም የሚከሰሰው እሱ ነው። ጥፋተኛ የተባለ አሠልጣኝ የማሠልጠኛ ካርዱን ይነጠቃል፤ ካርዱ የሚመለስለት ደግሞ ሐኪሞች ፊት ቀርቦ ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ እጅና እግሩን ካስመረመረ በኋላ ነው። ዓይኑ እንደ ጭልፊት ነው። ጆሮው ሹክሹክታ ይሰማል። የፈራው ለእግሩ ነው። ቀኝ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ከሞተ ሰንብቷል፤ ይህን ከሚስቱና ከአንድ ሐኪም በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

የማሠልጠኛ መኪናን ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ነው። ከአሠልጣኙ እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለው። አንዳንዱ አሠልጣኝ ይህን ፍሬን የሚያስታውሰው ግድግዳ አፍንጫው ሥር ሲደርስ ነው፤ እስከዚያ ስልኩን ይጎረጉራል። እሱ ግን ሞተር ከተነሣ ጀምሮ እግሩን ከላዩ ላይ ነቅሎ አያውቅም። ደግሞም የራሱ ሕግ ነበረው። ሠልጣኙን መሪ ከማስጨበጡ በፊት አስቀምጦ ይነግረዋል። «እኔ ‹ይዣለሁ› ካልኩ ሁለቱንም እግርህን አንሣ። ነዳጅ አትንካ፣ ፍሬን አትንካ። መሪህን ብቻ ቀጥ አድርገህ ያዝ። ከዚያ በኋላ መኪናዋ የኔ ናት።» ምክንያቱን ዕድሜ ነው ያስተማረው፤ የደነገጠ ሠልጣኝ ፍሬን የረገጠ እየመሰለው ነዳጅ ይረግጣል። የደነገጠ እግር እንዲያርፍ ማድረግ ይሻላል ባይ ነበር።

ይህች «ይዣለሁ» የምትባል ቃሉ በከተማው ታዋቂ ነበረች። በስተርጅና መንዳት የጀመሩ፣ አንዴ ገጭተው መሪ የፈሩ፣ ባሎቻቸው «አንቺና መኪና!» እያሉ ያሾፉባቸው ሴቶች እሱን እየጠየቁ ይመጡ ነበር። ቃሏን ሲሰሙ የተወጠረ ትከሻቸው ወርዶ ያያል፤ በሕይወቱም ከዚህ የበለጠ የሚወደው ነገር አልነበረም። ከዚያች የጎን ወንበር ቢወርድ ምን እንደሚሆን አያውቅም። ቤት ውሎ አያውቅም፣ የእጅ ሥራ የለውም፣ ጨዋታም ሆነ ወዳጅ ያገኘው በዚያች ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

ክሱን ያመጣው ቀን መሪውን የጨበጠችው አጣቢዋ ነበረች። አጣቢዋ የሚሏት በሥራዋ ነው፤ ሆስፒታል ላውንደሪ ውስጥ የበሽተኛ አንሶላ ታጥባለች። እጇ በሳሙናና በበረኪና ተልጦ አሮጊት እጅ ይመስላል፤ ፊቷ ግን ገና ልጅ ነው። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ከአንዲት ሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። የላውንደሪው መኪና ሹፌር ጡረታ ሊወጣ ስለሆነ ኃላፊዋ ጠርታ «መንጃ ፈቃድ ካወጣሽ ቦታው ያንቺ ነው፤ እጠብቅሻለሁ» ብላታለች። ከዚያ ከእንፋሎትና ከእርጥበት መውጣት ማለት ነው። ሌሊት ከሚያስነሣት የመገጣጠሚያ ሕመምም መገላገል ነው።

አሠልጣኙ እንደሷ ያለ እጅ ከብዙ ጊዜ ወዲህ አላየም። ማርሽ ስትቀይር መኪናዋ አትሰማትም ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ከዚህ በፊት ሰርቀሽ ነድተሻል አይደል?» ይላታል። «ሰርቄ የምነዳማ ቢሆን እርስዎን ምን አስፈለገኝ ጋሼ!» ትለዋለች እየሳቀች።

ከገበያው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ማርሽ ልትቀይር ስትል አንድ ብስክሌተኛ ከጎን ብቅ አለ። ገና ሳይደርሱበት አልፎ ሄደ፤ የሚያስደነግጥ ነገር አልነበረም። እሷ ግን ክው አለች፤ ይህን አየና «ይዣለሁ» አላት። መኪናዋ ከማርሽ ወጥታ ሳለ አጣቢዋ ሁለቱንም እግሯን አነሣች። እንደተማረችው። እሱም ረገጠ። ጭኑ ሲጠነክር፣ ጉልበቱ ሲዘረጋ ታውቆታል፤ እንደ ሁልጊዜው ነው። መኪናዋ ግን አልያዘችም። ቁልቁለቱ ይጎትታት ጀመር።

«ጋሼ!»

«ይዣለሁ አልኩሽ እኮ!»

«ጋሼ እየፈጠነች ነው!»

«ነዳጁን ልቀቂ!» ብሎ ጮኸባት። ነዳጁን አልነካችም ነበር። ሲጨንቀው የእጅ ፍሬኑን በሁለት እጁ መንጭቆ ሳበው፤ መኪናዋ እያፏጨች፣ ጎማዋ እየጨሰ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆመች። ልጆች የሚወጡበት ሰዓት ባለመሆኑ ፈጣሪ ይመስገን። በቦታው የነበረው አንድ ትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው፤ ዛፍ ጥላ ሥር ቆሞ የፍጥነት መለኪያውን ደግኗል። አርባ በሚፈቀድበት መንገድ መለኪያው ስልሳ አንድ ብሎ ነበር።

ፖሊሱ እየተንጎራደደ እስኪደርስ አሠልጣኙ ቁልቁል ወደ እግሩ ተመለከተ። ጫማው ፍሬኑ ላይ አልነበረም። ከፍሬኑ ጎን ምንጣፉን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ ይዟል። ቀስ ብሎ አነሣና ፍሬኑ ላይ አስቀመጠው። እሷ አላየችም፤ ግንባሯን መሪው ላይ ደፍታ ታለቅስ ነበር።

«ነዳጅ ረግጬ ነው፣ አይደል ጋሼ?»

እንግዲህ ሰው የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚፈለግበት፤ እሷን ማውጣት በቻለ። ዝም አለ። ከዚያ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «አይዞሽ፣ ያጋጥማል» አላት። ያጋጥማል! አፍ ሲያመቸው እንዲህ ነው።

እግሩን የበላው ስኳር ነው። መጀመሪያ ጣቶቹን ወረረው፤ ጉንዳን የሄደበት ያህል ነበርና ናቀው። ከዚያ ጉንዳኑም ጠፋ፣ እግሩም አብሮ ጠፋ። ሚስቱ ቤት ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ አንድ ምሽት ካልሲውን ስታወልቅለት ተረከዙ ላይ የስፌት መርፌ ተሰክቶ አገኘች። ከምሳ ጀምሮ ሲረግጠው ውሏል። እሷ ጮኸች፤ እሱ መርፌውን ነቅሎ ብርሃን ላይ እያገላበጠ እንደ እንግዳ ነገር አየው። በነጋታው እየጎተተች ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሙ ከሷ ለይቶ አስገብቶት «ስኳሩ ነርቭዎን ገድሎታል፤ ከዛሬ ጀምሮ መኪና የሚባል ነገር ይቅርብዎ» አለው። ሲወጣ ሚስቱ ምን እንዳለው ጠየቀችው። «ቅባት ተቀባ ነው ያለኝ» አላት፤ ሁለተኛም እዚያ ሐኪም ቤት ደጃፍ አልደረሰም።

መጥሪያው በመጣ ማግስት የማሠልጠኛው አለቃ ቢሮው አስጠራው። አለቃው ድሮ ሠልጣኙ ነበር፤ አሁንም ሲያየው ከወንበሩ ይነሣል።

«ጋሼ፣ ነገሩን አያካብዱት። ያጠፋችው ሠልጣኟ ናት፤ እንደዚያው ይናገሩ። እርስዎ ጥፋተኛ ከተባሉ ካርድዎ ይያዛል፣ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ያንከራትቱዎታል። ለኔም ቤት ስም ነው።»

«እሷስ ምን ትሆናለች?»

«ምን ትሆናለች? የመለማመጃ ፈቃዷን ትንሽ ጊዜ ያግዱባት ይሆናል። ልጅ ናት፤ ቀን አላት።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገና «ከዚህ ሌላ ነገር ካለ እኔ መስማት አልፈልግም፤ ዝም አይነቅዝም» አለ።

አሠልጣኙ አጣቢዋን ለማግባባት ብዙ ቃል አዘጋጅቶ ነበር። አንዱም አላስፈለገውም። ከሥራ ስትወጣ ሆስፒታሉ በር ላይ ጠብቆ ስለ መጥሪያው ገና ሲጀምር ቀድማው ተናገረች።

«እኔ ራሴ ቀርቤ እናገራለሁ ጋሼ። በኔ ጥፋት ስምዎ ሊጎድፍ? አይሆንም። ለልጄም ነግሬያታለሁ። ትልቅ ሰው ያጠፋውን መናገር አለበት ብዬ ‹ዛሬ እናትሽ ልጆች ልትገድል ነበር› አልኳት።»

«ኧረ ተይ! ለልጅ እንዲህ ይባላል?»

«ታዲያ እውነት አይደል?»

ከዚያ ቀን በኋላ የነበራትን ልምምድ አስታወሰ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ባዶ ሜዳ ላይ እንኳ ማርሹ በእጇ ሲንገጫገጭ ውሎ ነበር። ነዳጅ ከመንካቷ በፊት አንገቷን አጎንብሳ እግሯን ታያለች፤ ቀና ስትል መኪናዋ መስመር ስታለች። ያ ማርሽ ሲቀይር የማይሰማ እጅ ጠፍቷል። ያጠፋው እሱ መሆኑን ያውቃል፤ እያወቀ በሩን ከፍቶ «በርቺ፣ ይለቅሻል» ብሎ ሸኝቷት ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

የቀጠሮው ዕለት ጧት ሚስቱ እንደ ሁልጊዜው እግሩን ሞቅ ባለ ውሃ አጥባ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር አልድን ያለውን ቁስል ጠርጋ በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለለችው። ጨርቁን እያሰረች ቀና ሳትል ጠየቀችው።

«ያን ቀን ፍሬኑን ረግጠኸዋል?»

«ረግጫለሁ አልኩሽ።»

«ማን ነገረህ? እግርህ ነው የነገረህ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ እንኳ ተይኝ። ፍርድ ቤት ነው የምሄደው።»

«ስለሱ ነው እኮ የማወራህ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል አልሰማህም? ደብቅ፣ እሺ፣ ያንተ እግር ነው። ያቺን ሚስኪን ምን አድርጊ ትላታለህ? እሷም እንደኔ በእጇ የምታድር ሴት ናት።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ጫማውን አሰረ። ሲወጣ በሩ ላይ ቆማ አየችው፤ አልሸኘችውም።

የትራፊክ ችሎት የሚባለው ጠባብ ክፍል ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ቡናማ፣ ከዚያ በላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ነጩ ላይ የተደገፉ ሰዎች ጭንቅላት ጥላ ሠርቶበታል። ሰዉ አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ ተጨናንቆ ተራውን ይጠብቃል። ቀይ መብራት የጣሰ፣ ቀበቶ ያላሰረ፣ መሀል መንገድ ላይ የቆመ፤ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፣ ነገሩ እንደ ወፍጮ ቤት ነው። አጣቢዋ ነጠላ ጫማዋን በሽፍን ጫማ ለውጣ፣ ፀጉሯን አስራ፣ ከጎኑ ተቀምጣለች። ጧቱን ለማስፈቀድ የሌሊት ተራ ሠርታ ስለመጣች ዓይኗ ቀልቷል።

ዳኛዋ ጉንፋን የያዛት ወጣት ሴት ነበረች፤ በአንድ እጇ መሐረብ ይዛ በሌላው ትጽፋለች። ፖሊሱ ቀርቦ መለኪያው ያነበበውን ተናገረ። እንደ ደንቡ ሠልጣኟ ምላ እንድትመሰክር ተጠራች። እጇን አንሥታ ማለች፤ ያ የተላጠ እጅ ከሩቅ ይታይ ነበር።

«እሳቸው ይዣለሁ አሉኝ» አለች። «ይዣለሁ ሲሉ እግሬን ማንሣት ነበረብኝ። ያነሣሁ መስሎኝ ነበር። ግን ደንግጬ ነበርና ነዳጁ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።»

«ማለት ነው? ወይስ ቀርቷል?» አለች ዳኛዋ ብዕሯን አቁማ። «ነገርን ከሥሩ ነውና በደንብ አስቢበት። እግርሽ ነዳጁ ላይ እንደነበር ታስታውሻለሽ?»

አጣቢዋ አሰበች። ያን ጊዜ «አላስታውስም፣ አንሥቼ ነበር» ብትል ኖሮ ሁሉም ነገር ይገለጥ ነበር፤ አሠልጣኙ ይህን ፈራ፣ ደግሞ እንድትለው ፈለገ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተሰሙት።

«አላስታውስም» አለች። «ግን መኪናዋ ፈጠነች። ካልረገጥኩ በምን ትፈጥናለች?»

ዳኛዋ ወደሱ ዞረች። «እግርዎ ሁለተኛው ፍሬን ላይ ነበር?»

«ነበር፣ ክቡር ፍርድ ቤት።»

«ረግጠዋል?»

«ረግጫለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልቆመም?»

አፉን ከፈተ። ከተከሳሽ ሳጥኑ እንጨት ላይ አንድ ሰው በጥፍሩ የቀረጸው መስመር ነበር፤ እሱን አየ። ዝምታው ሲረዝምበት አጣቢዋ ሳትጠየቅ ከኋላው ተናገረች። «እኔ ነዳጁን ስለረገጥኩበት ነው፣ ክቡር ፍርድ ቤት። የሳቸው እግር የኔን ማሸነፍ አልቻለም።»

ውሳኔው ብዙም አልቆየ። አሠልጣኙ በማስጠንቀቂያ ታለፈ። የሠልጣኟ የመለማመጃ ፈቃድ ራሷ ባመነችው መሠረት ለአንድ ዓመት ታገደ፤ ከዚያ በኋላ ከፈለገች ከሀ ብላ ትጀምራለች። ዳኛዋ አስነጠሰችና የሚቀጥለውን ስም ጠራች።

ደረጃው ላይ አጣቢዋ ሁለት እጁን ያዘችው። «እርስዎ ነጻ ወጡ፤ እኔ ቀለለኝ። ሰው ፊት ስላስቆምኩዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ፈጠነች። እሱ ደረጃው ላይ ቀረ። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ እሱ ግን እስክትርቅ ድረስ ከኋላዋ አየ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ፤ ሌላ የሚሄድበት ምን ነበረው? ግቢው ውስጥ ሁሉም እጁን እየጨበጠ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» አለው። ተራው የአንድ ወፍራም ባለሱቅ ነበር፤ ከወንበሩ ጋር ሲታገል ቆይቶ መሪ የጨበጠ፣ ነገረኛ፣ ደግ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ የትራፊክ ነገር ዛሬ አልቋል አሉ። እኔም እንዳላስከስስዎ ፍሬኑን ይያዙልኝ።»

«ይዣለሁ» አለ፤ እያለም ወደ ታች አየ። እግሩ ወንበሩ ሥር ተጣሞ ተቀምጧል፤ ፍሬኑ አጠገብ እንኳ አልነበረም። እዚያ የደረሰ፣ የተደላደለ መስሎት ነበር። ባለሱቁ ቁልፉን አዙሮ ሞተር አስነሥቷል። ከግቢው በር ውጭ መንገዱን የሚያቋርጡ ሰዎች ይታያሉ።

«አጥፋው።»

«ምነው ጋሼ፣ ምን አጠፋሁ?»

«አንተ ምንም አላጠፋህም። ሞተሩን አጥፋውና ውረድ።»

ቁልፉን ወስዶ ማንም ያልነበረበት የአለቃው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሆስፒታሉ ድረስ በእግሩ ሄደ። መሬቱ እንዳለ የሚያውቀው ጉልበቱ ላይ በሚሰማው ንዝረት ብቻ ነው።

ላውንደሪው ምድር ቤት ነው። ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ላብ ያጠመቀው ይመስል ውሃ የሚያንቆረቁር፣ እንደ በር የሚከፈት የብረት ሆድ ያላቸው ትልልቅ ማሽኖች ዳርና ዳር ተሰልፈው የሚያጓሩበት ክፍል። መሀል ለመሀል ወለሉን ሰንጥቆ የሚሄድ ቦይ አለ፤ ማሽኖቹ የሚተፉት ውሃ የሚወርደው በሱ ነው። አጣቢዋ ከቦዩ ማዶ ቆማ ደም የነካቸውን አንሶላዎች ለብቻ ትለያለች። ስታየው ደነገጠች።

«ጋሼ! ምነው፣ ደግሞ ምን መጣ?»

«የምነግርሽ ነገር አለ።»

«ስለ መኪናው ከሆነ ጨርሻለሁ። እንደመጣሁ ኃላፊዋ ዘንድ ገብቼ ለሌላ ሰው ስጡት አልኳት። ዕቃ ግምጃ ቤት ላለው ልጅ ሰጡት፤ ደስ ብሎታል።»

«ምን አስቸኮለሽ!»

«አንድ ዓመት ማን ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል? ደግሞስ እኔ ልንዳ? ሰው በሚያልፍበት መንገድ ላይ እኔ?» አንገቷን ነቀነቀች። «ከአንሶላዬ ጋር ያኑረኝ።»

ሊጠጋት አንድ እርምጃ ተራመደ። «ስሚኝ ልጄ። ያንቺ እግር አላጠፋም። ያጠፋው የኔ ነው። እኔ ፍሬኑን አልረገጥኩትም።»

አጣቢዋ አዝና ፈገግ አለች። እንደ ሕፃን እያባበሏት እንደሆነ ያወቀች ይመስል። «ሊያጽናኑኝ ነው የመጡት። ደግ ሰው ነዎት።»

«እውነቴን ነው! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«ይተዉት ጋሼ። መሪው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ዳኛዋም ሰምታ ፈርዳለች።»

«ውሃ!» የሚል ድምፅ ከጥግ መጣ። የማሽን ሆድ ሲለቀቅ እንዲህ ይጮኻሉ፤ ሴቶቹ ሁሉ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ከቦዩ ራቅ አሉ። አጣቢዋም ራቀች። ውሃው እንፋሎት እየተፋ ወለሉን ሰንጥቆ መጣ፤ እሱ ግን ንግግሩን አላቆመም። «እግሬ ታሟል፤ ቆይቷል፤ ሐኪሙም ነግሮኝ ነበር፣ ላንቺ ግን…» እያለ ነበር።

«ጋሼ እግርዎ! እግርዎን ያውጡ! የፈላ ነው!»

ምን እንደምትል አልገባውም። ሁሉም ወደ ታች ሲያዩ እሱም አየ። ቀኝ እግሩ ቦዩ ውስጥ ነው። ውሃው ጫማውን ውጦ ካልሲው ላይ ደርሷል፤ እንፋሎቱ በሱሪው ውስጥ ይወጣል። ሳይቸኩል፣ የሰው ዕቃ እንደሚያነሣ ሰው፣ እግሩን አወጣው።

«አልተሰማዎትም?» አለች አጣቢዋ።

«አልተሰማኝም።»

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም።»

አመነችው። ፊቷ ላይ የነበረው ሐዘን ሁሉ ሲጠፋ አየ፤ በምትኩ የመጣውን ለማየት ግን አልደፈረም። «እግሬን አንሥቼ ነበር» አለች፤ ለሱ ሳይሆን ለራሷ። «ይዣለሁ ሲሉኝ አነሣሁ። ነዳጅ አልረገጥኩም።» ከዚያ ወደሱ ዞረች። «ዳኛዋ ፊት እጄን አንሥቼ ስምል ያውቁ ነበር። አጠገቤ ቆመው ያውቁ ነበር!»

«አውቅ ነበር።»

የምትመታው መስሎት ነበር፤ ብትመታው ደስ ባለው። እሷ ግን ከጠረጴዛው ላይ መቀስ አነሣች፣ ወንበር ገፍታ አስቀመጠችው፣ ተንበርክካ የጫማውን ማሰሪያ ቆረጠች። ካልሲው ሲወልቅ ቆዳው አብሮ መጣ። የጧቱ ጨርቅ ተፈትቶ የአውራ ጣቱ ቁስል ታየ፤ ጠርዙ ጠቁሮ ነበር። ከሴቶቹ አንዷ ፊቷን አዞረች። አጣቢዋ አላዞረችም፤ ንጹሕ አንሶላ ቀድዳ ሸፈነችው። እሱ የሚሆነውን ሁሉ ቁልቁል እያየ ተቀመጠ፤ አላመመውም።

የአንሶላ መግፊያ ጋሪ አምጥተው ብብቱን ይዘው አስገቡት። «እኔ እወስዳቸዋለሁ» ብላ ሌሎቹን መለሰችና ገፋችው። ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚወስደው መተላለፊያ ቁልቁል ነው። ጋሪው ሊያመልጥ ሲል ተረከዟን ወለሉ ላይ ተክላ፣ ክብደቷን ወደ ኋላ ጥላ ያዘችው፤ አንዴም አልፈጠነ።

«ልጄ» አለ መሀል ላይ ሲደርሱ፣ «ይቅር በይ…»

«ልጄ አይበሉኝ!»

ትንሽ እንደሄዱ እሷው ተናገረች፤ ትንፋሽ እያጠራት፣ ወደ ፊት እያየች። «አሁን ያክሙዎታል። ይቁረጡት አይቁረጡት እኔ አላውቅም። ሲወጡ ግን በቀጥታ እኔ ቤት ነው የሚመጡት። እናቷ ማንንም ልትገድል እንዳልነበረ ለልጄ ራስዎ ይነግሯታል። ሰምተዋል? በአንድ እግርም ቢሆን ይመጣሉ።»

«እመጣለሁ» አለ።

እሷም የድንገተኛ ክፍሉን በር በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችና «ሰው የለም እንዴ!» ብላ ተጣራች።